ለድሮ ቮልስ ዕቃ ከየት ይሻላል? ሱማሌ ተራ፣ ሻንጣ፣ ቶርኖ ወይስ ሌላ ቮልስ ማፍረስ

ባለፈው ክረምት መርካቶ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ገብቼ «የቮልስዋገን የፍሬን ማስተር ይኖራችኋል?» ብዬ ጠየቅሁ። ልጁ በትህትና «አይዲ ፎር ነው አይዲ ሲክስ?» አለኝ። ኤሌክትሪኳን ማለቱ ነው። የእኔዋ ግን ከአባቴ የወረስኳት፣ በፈረንጅ የ1966 ሞዴል ቮልስ ናት። ኮረንቲ ከ6 ቮልት በላይ አይታ አታውቅም። ልጁ ላይ አልፈርድም። ያ ሱቅ የቮልስ ዕቃ መሸጥ ያቆመው እሱ ሳይወለድ ነው።

ድሮ ከቮልስ ዕቃ ሌላ የማይሸጡ ሰዎች ነበሩ። የዕቃውን ቁጥር በቃላቸው ያውቁታል። ገና ከበር ስትገባ ሞዴልህን ጠይቀው፣ መሰላል ላይ ወጥተው፣ አቧራ የጠጣ ካርቶን ያወርዱልሃል። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ አረፉ ወይም ሱቃቸውን ዘጉ። የተረከቡት ልጆች ወደ ቶዮታ ዞሩ፣ ቪትዝና ኮሮላ በሞላበት ከተማ ሌላ ምን ያድርጉ? ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ጀርመንም አሜሪካም ያሉት የድሮ መኪና ዕቃ ሻጮች ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው። ባለቤቱ ያረጃል፣ ተረካቢ ይጠፋል፣ መጋዘኑ ለትልቅ ነጋዴ ይሸጣል። ትልቁ ነጋዴ ደግሞ ቶሎ ቶሎ የሚሸጠውን ያስቀርና በዓመት ሁለት ሰው የሚጠይቀውን ይተወዋል። ዕቃው የሚወጣበት ቅርጽ ሲያልቅ ለጥቂት ደንበኛ ብሎ አዲስ የሚያሠራ የለም።

በእርግጥ ቮልስ ከሌላው ዕድለኛ ናት። (የሞዴል ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ ነው።) ዎልፍስቡርግ እስከ 1974፣ ኤምደን እስከ 1978፣ ሜክሲኮ ፑዌብላ ደግሞ እስከ 2003 ተሠርታለች። በድምሩ ከ21 ሚሊዮን ተኩል በላይ ማለት ነው። ብራዚል ኮምቢን (የቮልስዋገን ሚኒባስ) በዚሁ በአየር በሚቀዘቅዝ ሞተር እስከ 2005 መጨረሻ ድረስ ሠርታለች። ስለዚህ የሞተር ዕቃ ዛሬም ይገኛል። ፊያት 1100 ወይም የድሮ ኦፔል ይዞ ዕቃ የሚፈልግ ሰው ይህን ሲያነብ ይቀናል። ግን ፋብሪካዎቹ ከቆሙ ወዲህ የሚመጣው ዕቃ ጥራቱ እንደ ድሮው አይደለም፣ የማይመጣውም በዝቷል።

እዚህ አገር ደግሞ ሁለት ነገር ተጨመረ። ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ አሁን አገር ውስጥ ያሉት ቮልሶች ናቸው ያሉን፣ ሌላ አይጨመርም። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የማስመጣት ሂሳብ ያኔ ተገለበጠ። በዚህ ምክንያት እዚህ ጽሑፍ ላይ የብር ዋጋ አልጽፍም። እናንተ እስክታነቡት ይለወጣል።

በምን እንመዝን?

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት መለኪያውን እንስማማ። እኔ አምስት ነገር እጠይቃለሁ።

የመጀመሪያው «ይህ ዕቃ መንገድ ላይ ቢከዳኝ ምን እሆናለሁ?» የሚለው ነው። ሬዲዮው ቢከዳ ዘፈን ይቀራል፣ ካንዴላ ቢከዳ ዳር ይዤ እቆማለሁ። ፍሬን እንጦጦ ቁልቁለት ላይ ቢከዳ ግን ጸሎት ብቻ ነው የሚቀረው። በተለይ እንደ እኔዋ ያሉ የድሮ ቮልሶች የፍሬን መስመራቸው አንድ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም እግር አይይዝም። ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ በዋጋ የሚጀምር ሰው እኔ አላምነውም።

ሁለተኛው «በልኩ ይገጥማል ወይ?» ነው። ሦስተኛው ጠቅላላ ወጪው። የዕቃው ዋጋ፣ ማጓጓዣው፣ ቀረጡ፣ የመካኒኩ የእጅ ዋጋ፣ ካልገጠመ ደግሞ ሁሉም ሁለት ጊዜ። አራተኛው መመለስ መቻሉ። አምስተኛው ጊዜ፣ ማለትም መኪናዋ የሥራ ናት ወይስ የእሁድ?

ኦርጅናልነት የሚባል ስድስተኛ መለኪያም አለ። እሱ ግን ለሽያጭና ለትርዒት የሚያድሱትን ነው የሚመለከተው። ለመንዳት የሚፈልግ ሰው ብዙ አይጨነቅበት።

ከኪስ በፊት ቁጥር

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው «ቮልስ ቮልስ ናት» በሚል ስህተት ነው። ከውጭ ስትታይ ሁሌ አንድ ትመስላለች። ከውስጥ ግን በየዓመቱ ተለዋውጣለች፣ የሞዴሉ ዓመትም የሚጀምረው ነሐሴ ላይ ነው። በ1967 ነሐሴ የተሠራች መኪና የ1968 ሞዴል ናት።

የኋላውን መቀመጫ አንሱ። መሀል ላይ ባለው ጉብታ ላይ የሻንሲ ቁጥር ተመቶ ታገኛላችሁ። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ቁጥሩ ዘጠኝ ወይም አሥር አሃዝ ነው፣ ሦስተኛው አሃዝ ዓመቱን ይናገራል። 116 ብሎ ከጀመረ 1966፣ 118 ካለ 1968 ነው። የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ከዲናሞው መቆሚያ ሥር አለ። ከፊቱ ያለው ፊደል «ዲ» ከሆነ 1200፣ «ኤፍ» ከሆነ 1300፣ «ኤች» ከሆነ 1500 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሞተሯ ያልተቀየረ ቮልስ ጥቂት ስለሆነ ሁለቱንም ጻፉ። ሻንሲው 1966 ብሎ ሞተሩ 1500 ሊሆን ይችላል። በነገራችን ላይ ሊብሬው ሦስተኛ ነገር ሲናገርም አይቻለሁ።

በጣም የሚያሳስቱት እነዚህ ናቸው። ኤሌክትሪኩ 6 ቮልት ነው 12? ቸርኬው በአምስት ቡሎን ነው በአራት? የፊት መብራቱ እንደ ፓራፋንጎው ያጋደለ ነው ወይስ ቀጥ ብሎ የቆመ? በአብዛኞቹ ሞዴሎች እነዚህ ሁሉ የተቀየሩት በ1967 እና በ1968 አካባቢ ነው፣ ርካሹ 1200 ግን የድሮውን ይዞ ቆይቷል። 1302 ወይም 1303 ካላችሁ ደግሞ የፊት እግሩ ጭራሽ ሌላ ነው።

የእኔን ጉድ ልንገራችሁ። ሜሪላንድ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ለገና ስትመጣ የፊት መብራት ቀለበት እንድታመጣልኝ ለመንኳት። አመጣች፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጥንድ። ልገጥም ብዬ ሳስጠጋው ቀጥ ላለው መብራት የተሠራ ነው፣ የእኔ ደግሞ ያጋደለው። ሻጩ ዓመቱን ጠይቋት ነበር፣ እሷም ደውላ ጠይቃኛለች፣ እኔ ነኝ «ስልሳዎቹ በይው» ያልኳት። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ሌላው የሚጠቅም ነገር በፋብሪካ ዕቃ ላይ የሚታተመው ቁጥር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች ዕቃው መጀመሪያ ለየትኛው ሞዴል እንደወጣ ይናገራሉ፣ የቮልስ ብዙ ጊዜ 111 ወይም 113 ነው። አራተኛው አሃዝ የዕቃው ክፍል ነው። 1 ሞተር፣ 3 ካምቢዮ፣ 4 የፊት እግር፣ 6 ቸርኬና ፍሬን፣ 8 ቦዲ፣ 9 ኤሌክትሪክ። ደላላ «የፍሬን ነው» ብሎ የሰጣችሁ ዕቃ አራተኛ አሃዙ 9 ከሆነ መልሱለት።

አንደኛ፦ ሱማሌ ተራ

የተፈታ፣ ያገለገለ፣ ግን የጀርመን። ያገለገለ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት የአዲስ አበባው ሱማሌ ተራ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው። የእኔ እምነት ቀላል ነው። ያገለገለ ኦርጅናል ብረት ከአዲስ ኮፒ ይሻላል። ጎማ ከሆነ ግን በፍጹም። የፍሬን ከበሮ፣ የበር እጀታ፣ ማጠፊያ፣ ማርሽ፣ ቸርኬ፣ ፓራፋንጎ፣ የካርቡሬተር አካል፣ እነዚህን ሁሉ ያገለገለ ግዙ። ፓራፋንጎ ላይ የኮፒው ላሜራ ቀጭን ነው፣ ቀዳዳውም ከቡሎኑ ጋር አይገናኝም። ባትላሜራው ቀኑን ሙሉ እየቀጠቀጠ የሚያስተካክለው ለዚህ ነው።

ችግሩ ዕቃው ሲገኝ ነው የሚገኘው። ዛሬ የለም፣ ከሁለት ወር በኋላ ሦስት ይመጣል። የሚሸጠው ልጅም ብዙ ጊዜ ምን እንደያዘ አያውቅም፣ «የቮልስ ነው» ከማለት በቀር። እንዳልኩት ቁጥሩን እናንተ እወቁ። አሮጌውን ዕቃ ፈታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ለኩ። ማግኔት በኪስ ያዙ። ፓራፋንጎ ላይ ስታስጠጉት ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው። ከበሮ ከሆነ የውስጡን ጠርዝ በጣት ዳስሱ፣ ደረጃ ከሠራ ተበልቷል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። መብራትና ጌጣጌጥ በጣም ረክሶ ካገኛችሁ የማን እንደነበር ጠይቁ። ሌሊት ከሌላ ሰው ቮልስ ላይ የተነቀለ ሊሆን ይችላል። ደረሰኝ የማይሰጥ ከሆነ ቢያንስ ሱቁ ቋሚ ይሁን።

ሁለተኛ፦ ሌላ ቮልስ ገዝቶ መፍታት

ግቢ ውስጥ ሣር የበቀለባት ቮልስ አሁንም በየሰፈሩ አለች። ሙሉ እድሳት ላሰበ ሰው ከሁሉም የሚያዋጣው ይህ ነው እላለሁ። ምክንያቱ ትልልቁ ዕቃ አይደለም፣ ትንንሹ ነው። ማንም የማይሸጠው ክሊፕ፣ የመስኮት ማንሻው፣ የካቦ ማሰሪያው፣ ትክክለኛው ቡሎን ከነዳዶው፣ የሞተር ዙሪያ ላሜራው። ይህ ላሜራ ለጌጥ የተቀመጠ እንዳይመስላችሁ። ሞተሯ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው፣ ላሜራው ከጎደለ ትኩሱ አየር ተመልሶ ይገባና ሞተሩ ይቃጠላል። ስንት ቮልስ ነው ያለዚህ ላሜራ ከተማ ውስጥ ሲያልበው የሚውል።

ነገር ግን ሦስት ነገር አስቡ። ቦታ ያስፈልጋል፣ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር አይሆንም። የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ ስላለ፣ ሞተሩን ወደ ራሳችሁ መኪና ከቀየራችሁ በሕጋዊ መንገድ ማስመዝገብ አለባችሁ። አለዚያ ቦሎ ስትሄዱ ትያዛላችሁ። ስለዚህ የምትፈርሰዋ መኪና ሊብሬ ይኑራት፣ የሽያጭ ውሉም በደንብ ይሠራ። ሦስተኛው የሞራል ነው መሰለኝ። ልትነሳ የምትችል መኪና አታፍርሱ። አዲስ እንደማይገባ ተነጋግረናል። ወለሉና ከበሩ ሥር ያለው የማሞቂያ ቦይ በዝገት ካለቀ፣ ሻንሲው ከታጠፈ፣ እሺ ትፈታ። ቀለሟ ስለለቀቀ ብቻ ከሆነ ግን ለሚነዳት ሰው አሳልፉ።

ዓመቷ ከእናንተዋ ጋር ካልተቀራረበ ደግሞ ግማሹ ዕቃ አይረባችሁም።

ሦስተኛ፦ ከውጭ ማስመጣት፣ በሻንጣም በካርጎም

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው «የውጭ» ሲባል አንድ ዓይነት ስለሚመስለው ነው። ቢያንስ ሦስት ዓይነት አለ። አንዱ ያኔ ተሠርቶ ሳይሸጥ በካርቶኑ የቀረ የፋብሪካ ዕቃ ነው። በጣም ጥሩ፣ በጣም ውድ፣ እየጠፋ ያለ። ሁለተኛው በጀርመን፣ በብራዚልና በሜክሲኮ በታወቁ አምራቾች የተሠራ ወይም በቮልስዋገን በራሱ የክላሲክ ዕቃዎች ክፍል በኩል የሚሸጥ አዲስ ዕቃ ነው። ሦስተኛው ስም የለሽ ኮፒ ነው። ዋጋው ያጓጓል፣ ግን ፒስቶንና ፋሻ ላይ ዕጣ እንደማውጣት ነው፣ አንዱ አሥር ዓመት ይሠራል፣ አንዱ በወሩ ዘይት ይበላል።

ሳይሸጥ የቀረ ኦርጅናል ሁሉ ግን ጥሩ አይደለም። ጎሚኒ (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዝ ጎማ) ከሆነ በካርቶን ውስጥም ያረጃል። የ1975 የፍሬን ጎማ (የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት ቱቦ)፣ «ኦርጅናል ጀርመን» የሚል ጽሑፍ ቢኖረውም፣ ዛሬ ለመስቀያ እንጂ ለመኪና አይሆንም። እኔ ላይ የደረሰው ይሄ ነበር። አንድ ሱቅ «የድሮ ኦርጅናል፣ እንደሱ አታገኝም» ብሎ የፍሬን ጎማ ሸጠልኝ። ከውጭ ሲታይ ያበራል። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዱ እግር ፍሬኑን ይዞ አልለቅም አለ፣ ቸርኬው እስኪያቃጥል። ጎማው ከውስጥ አብጦ ነበር፣ ዘይቱ በግፊት ያልፋል ግን አይመለስም። መካኒኬ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ጎማውን በቢላ ሰንጥቀው አሳዩኝና «ልጄ፣ ጎማ እንደ ወይን አይደለም» አሉኝ።

ስለዚህ ከውጭ የሚመጣው ዋናው ነገር ምን ይሁን? የፍሬን ጎማና ጎሚኒ፣ የፍሬን ማስተር፣ የቤንዚን ቱቦ፣ ፑንቲና (የካንዴላውን ኮረንቲ የሚያቆራርጠው)፣ ጋርኒሲዮን፣ የካርቡሬተር መጠገኛ ኪት። ሁሉም ቀላል ናቸው፣ ሁሉም ሻንጣ ጥግ ይገባሉ። ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ ይፈቀድለታል፣ ግን ዕቃችሁ ከአክስቴ ልጅ ጫማና ቫይታሚን ጋር እንደሚፎካከር አትርሱ። አንድ ኪሎ ለምኑ እንጂ አሥር አትለምኑ። ያገለገለ ካርቡሬተር ወይም የቤንዚን ፖምፓ ደግሞ በሰው ሻንጣ አታስልኩ። ቤንዚን ከሸተተ አየር መንገድ አያሳልፈውም፣ ሰውየውንም ኤርፖርት ላይ ታዋርዱታላችሁ።

የአሜሪካ ሻጮች ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። እነሱ የሚያውቁት ለአሜሪካ ገበያ የወጣውን ነው፣ እዚያ 12 ቮልትና ባለሁለት መስመር ፍሬን አንድ ዓመት ቀድሞ ገብቷል። እዚህ ያሉት ቮልሶች ግን አብዛኞቹ የአውሮፓ ናቸው። የ1967 ሞዴል ያለው ሰው በተለይ ይጠንቀቅ። ጀርመን ዘመድ ካላችሁ ለዚህ ጉዳይ ይሻላል።

መመለስ? እርሱት። ወረቀት ላይ አለ፣ ግን መላኪያው ከዕቃው ይበልጣል። የእኔ ቀለበቶች ምስክር ናቸው።

አራተኛ፦ እዚሁ ማሠራትና ማሳደስ

ይህን አማራጭ ሰዎች ይንቁታል፣ እኔ ግን ከሁሉም እወደዋለሁ። ጥሩ ቶርኖ (ብረት መቅረጫ ማሽን) ያለው ሰው ካገኛችሁ የማይሠራው ነገር ጥቂት ነው። ብሮንዝ ቡሽ፣ ፒን፣ ፑሌጂያ፣ የተበላ የካርቡሬተር ዘንግ መቀመጫ። የቮልስ ካርቡሬተር ከኮፒ አዲስ መግዛት ይልቅ የራሷን ሶሌክስ ዘንጉን አስለውጦ በኪት ማደስ በጣም ይሻላል። ዘንጉ ከላላ አየር ይገባል፣ ሞተሩ በሚኒሞ አይቆምም፣ ሰው ደግሞ ፑንቲና ነው ብሎ ወር ሙሉ ይለዋውጣል። ዲናሞና ሞተሪኖም እዚሁ ይጠቀለላሉ፣ ያውም በጥራት። የፍሬንና የፍሪሲዮን ሸራ የሚለጥፉም አሉ።

የአዲስ አበባ ከፍታ ሌላ ነገር ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ አየሩ ስስ ነው። ከውጭ የመጣ ካርቡሬተር ለባሕር ጠለል ተስተካክሎ ስለሚመጣ እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው ጥቁር ይሆናል። የዚህን ከተማ አየር የሚያውቅ መካኒክ ጄቱን ማስተካከል ያውቃል። የትኛውም የውጭ ሱቅ ይህን አይሸጥላችሁም።

ሞተር ማደስ ላይ ሬቲፊካ ቤት (ሞተር የሚሞርዱበት) ስትሄዱ ጥያቄ አብዙ። የቮልስ ሞተር ቤት ቀላል ቅይጥ ብረት ነው፣ ሁለት ግማሽ ሆኖ ነው የሚገጠመው፣ የኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) መቀመጫ በትክክል መስመር ካልተሞረደ አዲስ ብሮንዚና በላዩ ቢገባም በአጭር ጊዜ ይበላል። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ በሁለቱ ቫልቮላዎች መካከል ስንጥቅ ካለ ይታይ። ሦስተኛው ቺሊንደር በተለይ በድሮዎቹ ሞተሮች ይበልጥ ይሞቃል፣ የዘይት ማቀዝቀዣው አየሩን ስለሚወስድበት። ቫልቮላ ተቆርጦ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። እና ለቫልቮላ አትቆጥቡ፣ አዲስና የታወቀ አምራች ይሁን።

እዚህ የማይሠራው ምንድን ነው? የፍሬን ጎሚኒ። ከመኪና ጎማ ቆርጦ የሚሠራላችሁ ሰው ካገኛችሁ አመስግናችሁ ውጡ። ለፍሬን ዘይትና ለግፊቱ ያልተሠራ ጎማ አይታመንም። የበርና የመስኮት ጎማ ግን ያሠሩ፣ ዝናብ ቢያስገባ ካልሲ ነው የሚረጥበው።

አምስተኛ፦ የሌላ መኪና ዕቃ ማስማማት

እዚህ አገር መካኒክ «አይቻልም» አይልም። ውበቱም መዘዙም ይሄ ነው። ሪሌ፣ አምፖል፣ ቀበቶ፣ የወንበር ጨርቅ፣ ክላክስ፣ ከየትም ይምጡ ግድ የለም። ግን ቮልስ ላይ የኢንጀክሽን መኪና የኤሌክትሪክ ቤንዚን ፖምፓ የገጠሙ ሰዎች አሉ። የቮልስ ካርቡሬተር የሚፈልገው ሩብ ባር አካባቢ ግፊት ነው፣ ያ ፖምፓ ከአሥር እጥፍ በላይ ይገፋል። ቤንዚኑ ይሞላል፣ ይፈሳል፣ ከሥሩ ደግሞ የካንዴላውን ኮረንቲ የሚያከፋፍለው ስፒንትሮጄን አለ፣ ብልጭታ ያለበት። የቀረውን እናንተ ጨርሱት።

ከ6 ወደ 12 ቮልት መቀየር ከማስማማቶች ሁሉ የሚደገፍ ነው፣ ምክንያቱም የ6 ቮልት አምፖል ማግኘት ራሱ ሥራ ሆኗል። ግን ሙሉ ሥራ ነው። ዲናሞ ከነሬጉሌተሩ፣ ኮይል፣ አምፖል ሁሉ፣ የፍሬቻ ሪሌ፣ የዝናብ መጥረጊያው ሞተር። ሞተሪኖ ላይ ደግሞ ቮላኖው (ሞተሪኖው የሚያዞረው ጥርሳም ክብ ብረት) ይለያያል፣ የ6 ቮልቱ 109 ጥርስ ነው፣ የ12ቱ 130። ይህን ሳያውቅ የ12 ቮልት ሞተሪኖ የገዛ ሰው ብዙ ነው።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ደኅንነት | በልክ መግጠም | ጠቅላላ ወጪ | ጊዜ | መመለስ | የሚሻለው ለ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሱማሌ ተራ | ለብረት ጥሩ፣ ለጎማ አይሆንም | ዓመቱ ከታወቀ በጣም ጥሩ | ዝቅተኛ | ዕድል ነው | በቋሚ ሱቅ ይቻላል | ከበሮ፣ ፓራፋንጎ፣ እጀታ፣ ማርሽ |
| ሌላ ቮልስ መፍታት | እንደ ሁኔታዋ | ዓመቷ ከቀረበ ምርጥ | መጀመሪያ ከባድ፣ በኋላ ያዋጣል | ወዲያው | የለም | ሙሉ እድሳት፣ ትንንሽ ዕቃ |
| ከውጭ፣ ታዋቂ አምራች | ምርጥ | ጥሩ | ከፍተኛ | ሳምንታት እስከ ወራት | በተግባር የለም | ፍሬን፣ ጎሚኒ፣ የቤንዚን ቱቦ፣ ቫልቮላ |
| ከውጭ፣ ስም የለሽ ኮፒ | አያስተማምንም | ብዙ ጊዜ መሞረድ ይፈልጋል | ርካሽ ይመስላል | እንደዚያው | የለም | ጌጣጌጥ፣ ምንጣፍ |
| እዚሁ ማሠራት፣ ማሳደስ | እንደ ባለሙያው | በጣም ጥሩ | መካከለኛ | ቀናት | ሠሪው ያስተካክላል | ካርቡሬተር፣ ዲናሞ፣ ቡሽ፣ ሸራ |
| ማስማማት | ከፍሬንና ቤንዚን ይራቅ | ብልሃት ይፈልጋል | ዝቅተኛ | ፈጣን | ይለያያል | ኤሌክትሪክ፣ ወንበር |

ለማን የትኛው?

በየቀኑ የምትነዷት ከሆነ ገንዘባችሁን በሙሉ መጀመሪያ ፍሬንና ቤንዚን መስመር ላይ አውሉ። ቀለም ይቆይ። አንድ ሙሉ የፍሬን ጎማና ጎሚኒ ከውጭ አስመጡ፣ ከበሮውን ከሱማሌ ተራ አግኙ ወይም ያላችሁን አስሞርዱ፣ ካርቡሬተሩን እዚሁ አሳድሱ። አንድ መለዋወጫ ፑንቲና፣ ኮንደንሰርና የፍሪሲዮን ካቦ ኪስ ውስጥ ይኑር። የመኪና ጎማ ላይ ደግሞ ጎኑ ላይ ያለውን አራት አሃዝ አንብቡ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። 15 ቁጥር ቀጭን ጎማ ስለማይገኝ ሻጮች የቆየውን እያወለወሉ ይሸጣሉ።

ሙሉ እድሳት ያሰባችሁ፣ ግቢም ጊዜም ካላችሁ፣ መጀመሪያ የምትፈርሰዋን መኪና ፈልጉ፣ ከዚያ በኋላ ነው የራሳችሁን የምትፈቱት። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል። የራሱን ፈትቶ ቡሎኑን በማዳበሪያ ከረጢት ከቶ፣ ዕቃ ሲፈልግ ሦስት ዓመት ያልፋል፣ በመጨረሻ በከረጢት ይሸጣታል። ሱማሌ ተራ ከሚገኘው ዕቃ የተወሰነው የእንዲህ ያለው ሰው ነው።

ገንዘብ ለጠበበበት ሰው፣ አስቸጋሪ ቢመስልም፣ ማሳደስ ነው መልሱ። ያላችሁን ዕቃ አትጣሉ። «ይሄ አለቀ፣ ኮፒ ግዛ» ላላችሁ መካኒክ አሮጌውን እጃችሁ ላይ አስመልሱ። የተሰነጠቀ ካልሆነ በቀር ቶርኖ ቤት አሳዩት።

ለሽያጭ ወይም ለሠርግ ኪራይ የምታድሱ ከሆነ ውጫዊው ኦርጅናል ይሁን። ያጋደለ መብራት ያላት ላይ ቀጥ ያለውን አትግጠሙ፣ የሚያውቅ ገዢ ከሩቅ ያየዋል። አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ ስለሆነ በዚያ ዘመን የነበረች ቮልስ ሁሉ «ያቺ ናት» እየተባለች ትሸጣለች። ወሬ አትግዙ፣ ወሬም አትሽጡ። የሻንሲ ቁጥሩን አሳዩ፣ በቃ።

የውጭ አገር ነዋሪ ሆናችሁ የወላጆቻችሁን መኪና ለማስነሳት የምትፈልጉ ደግሞ፣ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት እዚህ ያለ ሰው ሦስት ፎቶ ይላክላችሁ፦ የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ አንድ ቸርኬ ከነቡሎኑ። ከዚያ በኋላ ነው የባንክ ካርድ የሚወጣው።

የእኔ ቀለበቶች አሁንም ሳሎን መደርደሪያ ላይ ናቸው፣ ከነላስቲካቸው። ቀጥ ያለ መብራት ያላት ቮልስ ያለው ሰው ካለ በ6 ቮልት የዝናብ መጥረጊያ ሞተር እለውጣለሁ። የሚሠራ ይሁን እንጂ ቢንጫጫም ችግር የለም።